ፕሪፈር፣ ራዘር እና ያልተጸዳው ክፍል

እህቴ፣ ለሆቴል ኢንተርቪው እየተዘጋጀሽ «ከቡና ሻይ እመርጣለሁ ለማለት በእንግሊዝኛ ‹አይ ፕሪፈር ቲ ዛን ኮፊ› ስል መምህሩ ለምን አረመኝ?» ብለሽ ለጠየቅሽው፣ መምህሩ ልክ ነው። ፕሪፈር የሚሄደው ከ«ቱ» ጋር ነው፦ «አይ ፕሪፈር ቲ ቱ ኮፊ።» ግስ ከሆነ ሁለቱም ላይ «ኢንግ» ጨምሪ፦ «አይ ፕሪፈር ዎኪንግ ቱ ድራይቪንግ።» «ሞር» የሚባል ነገር ግን እንዳትጨምሪበት። «ዛን» ከወደድሽ «አይ ላይክ ቲ ቤተር ዛን ኮፊ» በይ፤ ያስኬዳል።

እኔ ሐዋሳ፣ ሐይቁ ዳር ያለ ሆቴል ውስጥ ነው የምሠራው። ውጪ ይቀመጣሉ ወይስ ውስጥ? ዓሣው ጥብስ ይሁን ጉላሽ? ውሎዬ ይኸው ነው። እንደኔ ከ«ቱ» በላይ ልታጠኚው የሚገባው «ዉድ»ን ነው። «ዱ ዩ ፕሪፈር ፊሽ ኦር ቺክን?» ስትዪው እንግዳው የጠየቅሽው በጠቅላላው ስለሚወደው ነገር ሊመስለው ይችላል። ለአሁኑ ትእዛዝ «ዉድ ዩ ፕሪፈር» ይሻላል፤ ትሕትናም አለው።

«ዉድ ፕሪፈር» ካልሽ ግሱ «ቱ» ይፈልጋል፦ «አይድ ፕሪፈር ቱ ሲት አውትሳይድ።» («አይድ» ማለት «አይ ዉድ» ሲያጥር ነው።) በትርጉም ተመሳሳይ የሆነውን «ዉድ ራዘር» ካልሽ ግን «ቱ» የለም፤ ማወዳደሪያው ደግሞ «ዛን» ነው፦ «አይድ ራዘር ዎክ ዛን ቴክ ኤ ባጃጅ።» ያ የተከለከልሽው «ዛን» ቦታው እዚህ ነው።

አሁን ዋናው ጉድ። አንዱ እንግዳ እንግዳ መቀበያው ጋ መጥቶ «አይድ ራዘር ዩ ዲድንት ክሊን ማይ ሩም ቱዴይ» አለ። አዲሷ ልጅ «ዲድንት» የምትለዋን ብቻ ነው የያዘችው። ክፍሌ አልጸዳም ብሎ የተቆጣ መስሏት ይቅርታ በይቅርታ ሆነች፤ ወዲያው የጽዳት ሠራተኛ ላከች። ሰውዬው ለካ ዛሬ ባታጸዱልኝ ነው ያለው! ሊተኛ ጋደም ሲል በሩ ተንኳኳ።

ከ«ራዘር» በኋላ ሌላ ባለቤት ከገባ፣ ነገሩ የዛሬም የነገም ቢሆን ግሱ ኃላፊ ጊዜ ይሆናል። «አይድ ራዘር ዩ ኬም ቱሞሮው» ማለት ነገ ብትመጣ ይሻለኛል ነው፤ ማንም ገና አልመጣም። ይህቺን ጮክ እያልሽ ተለማመጃት፤ በጽሑፍ ብታውቂያትም ጆሮ ላይ ታምታታለች።

አንድ ነገር ሲቀርብልሽ ካልፈለግሽ ደግሞ «አይድ ራዘር ኖት» በቂ ነው። «ዶንት» አያስፈልገውም።