ስለ ባዮኬሚስትሪ ኮርሶች ለጠየቅሽው፦ ከብዛታቸው ይልቅ ቅደም ተከተላቸውን እዪ

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ሳነብ የራሴ የመጀመሪያ ዓመታት ትዝ ስላሉኝ በአጭሩ መልሼ ማለፍ አልቻልኩም። ባዮኬሚስትሪ ልትመርጪ እንደሆነና ለዲግሪው የሚወሰዱትን ኮርሶች ማወቅ እንደምትፈልጊ ጽፈሻል። «የምወደው ባዮሎጂውን ነው፤ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪን ወደ ሦስተኛ ዓመት ባሸጋግረው ምን ችግር አለው? ፊዚካል ኬሚስትሪስ የግድ ነው?» ብለሽም ጠይቀሻል። እኔ በዚሁ ትምህርት ተመርቄ ከዚያም በላብ ተማሪዎችን ሳግዝ ቆይቻለሁ። የምነግርሽ ያየሁትንና የደረሰብኝን ነው።

ዝርዝሩን ላስቀድም። ከቦታ ቦታ ቢለያይም አጥንቱ አንድ ነው። ጀነራል ኬሚስትሪ ሁለት ሴሚስተር፣ ኦርጋኒክ ሁለት ሴሚስተር፣ ሁለቱም ከነላባቸው፤ ካልኩለስ፣ ፊዚክስና መሠረታዊ ባዮሎጂ፤ ቀጥሎ ጄኔቲክስ፣ የሴል ወይም ሞለኪውላር ባዮሎጂ፣ አናሊቲካልና ፊዚካል ኬሚስትሪ፤ ከዚያ ባዮኬሚስትሪ አንድና ሁለት፣ ራሱን የቻለ የባዮኬሚስትሪ ላብ፣ እንደ ኢሚውኖሎጂና ማይክሮባዮሎጂ ያሉ የምርጫ ኮርሶች፤ ብዙ ቦታ ደግሞ ሴሚናር ወይም የመመረቂያ ፕሮጀክት። ፕሮግራሙ በኬሚስትሪ ትምህርት ክፍል ሥር ከሆነ ፊዚካሉና አናሊቲካሉ ይጠነክራል፤ በባዮሎጂ ሥር ከሆነ ሴሉና ጄኔቲክሱ ይበዛል። የዲግሪው ስም አንድ ሆኖ ውስጡ ሊለያይ ስለሚችል ይህንን ሳትጠይቂ አትመዝገቢ።

አሁን ወደ ኦርጋኒክ። በጣቶችሽ ቁጠሪ፦ ጀነራል አንድ፣ ጀነራል ሁለት፣ ኦርጋኒክ አንድ፣ ኦርጋኒክ ሁለት፣ ባዮኬሚስትሪ አንድ፣ ባዮኬሚስትሪ ሁለት። አብዛኛውን ጊዜ አንዱ ለሚቀጥለው ቅድመ ሁኔታ ስለሆነ ሁለቱን በአንድ ሴሚስተር መደረብ አይቻልም። በ4 ዓመት ፕሮግራም ውስጥ ያሉሽ ሴሚስተሮች 8 ናቸው፤ ይህ ሰንሰለት ብቻውን 6ቱን ይወስዳል። ኦርጋኒክን ሦስተኛ ዓመት ላይ ከጀመርሽ ባዮኬሚስትሪ አንድ አራተኛ ዓመት ላይ ይወድቃል፤ የባዮኬሚስትሪ ላቡና የመመረቂያ ፕሮጀክቱ እሱን ጠባቂ ስለሆኑ ሁሉም መጨረሻው ሴሚስተር ላይ ይከመሩብሻል።

እኔ ላይ የደረሰው ይኸው ነው። ሁለተኛ ዓመት ላይ ፊዚክስ ከብዶኝ «ኦርጋኒክ ሁለትን ለአንድ ሴሚስተር ላቆየው» አልኩ፤ ያማከረኝም ሰው ችግር የለውም አለኝ። ባዮኬሚስትሪ አንድ ግን የሚሰጠው በዓመት አንዴ ብቻ ነበር። አንድ ሴሚስተር ያልኩት አንድ ዓመት ሆነ። አብረውኝ የገቡት ሲመረቁ እኔ ገና ላብ ውስጥ ነበርኩ። ያ ዓመት እስከ ዛሬ ይቆጨኛል፤ አንድ ሰው ቀደም ብሎ «ይህ ኮርስ መቼ መቼ ነው የሚሰጠው?» ብለህ ጠይቅ ቢለኝ ኖሮ አይባክንም ነበር።

ደግሞ ኦርጋኒክ የመግቢያ ቲኬት ብቻ እንዳይመስልሽ። ግሉኮስ የሚሰበርበትን ግላይኮሊሲስን ውሰጂ። 10 እርምጃዎች አሉት፤ ብዙ ተማሪ እንደ ዳዊት ይደግማቸዋል፤ ፈተናው ሲያልፍ ይረሳቸዋል። አንድ ቦታ ላይ ቆም ብለሽ እዪው፦ ሁለተኛው እርምጃ የግሉኮሱን ቅርጽ ወደ ፍሩክቶስ ይለውጣል። ለምን? አራተኛው እርምጃ ላይ ስድስት ካርበን ያለው ስኳር የሚቆረጠው በአልዶል ሪአክሽን (ካርበንን ከካርበን በሚያያይዘው ሪአክሽን) ተገላቢጦሽ ነው፤ የሚቆረጥበትን ቦታ ደግሞ የሚወስነው የካርቦኒሉ፣ ማለትም ካርበንና ኦክስጅን በድርብ ቦንድ የተያያዙበት ክፍል፣ ቦታ ነው። ግሉኮስ ላይ ካርቦኒሉ አንደኛው ካርበን ላይ ስለሆነ እንዳለ ቢቆረጥ ባለ ሁለትና ባለ አራት ካርበን ቁራጮች ይወጡ ነበር። ፍሩክቶስ ላይ ግን ሁለተኛው ካርበን ላይ ስለሆነ ሦስት በሦስት ይከፈላል፤ ሁለቱም ቁራጮች በአንድ መንገድ ይቀጥላሉ። ይህን የገባው ተማሪ መሸምደድ አያስፈልገውም። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ የሚባለው እዚህ ላይ ይሠራል፤ ሥሩ ያለው ኦርጋኒክ ሁለት ውስጥ ነው።

ፊዚካል ኬሚስትሪን በተመለከተ እኔም እንዳንቺ እጠይቅ ነበር። መልሱን ያገኘሁት ፕሮጀክቴ ላይ ነው። ፕሮቲን ለማጣራት ትሪስ በሚባለው ቡፈር (ፒኤች እንዳይዋዥቅ በሚይዝ ፈሳሽ) እሠራ ነበር። በክፍሉ ሙቀት፣ 25 ዲግሪ ላይ፣ ፒኤቹን 7.5 አድርጌ አስተካከልኩና 4 ዲግሪ ወዳለው ቀዝቃዛ ክፍል ይዤው ገባሁ። ሳይያዝ ያልፋል ብዬ የጠበቅሁት ፕሮቲን ኮለሙ (ፕሮቲኖችን በቻርጃቸው የሚለየው ቱቦ) ላይ ተጣብቆ ቀረ። ሁለት ሳምንት ፕሮቲኑን ስወቅስ ቆየሁ፤ ጥፋቱ የቡፈሩ ነበር። ትሪስ በቀዘቀዘ ቁጥር ፒኤቹ በየዲግሪው ወደ 0.03 ገደማ ይጨምራል፤ 7.5 ያልኩት እዚያ ውስጥ 8.1 ገደማ ሆኗል። ፒኤች ሲጨምር ፕሮቲኑ የበለጠ ኔጌቲቭ ቻርጅ ይይዛል፤ የኔ ኮለም ደግሞ የሚይዘው ኔጌቲቭ የሆነውን ነው። ትሪስ ፕሮቶኑን ሲለቅ ሙቀት እንደሚወስድ፣ ስለዚህም ሲቀዘቅዝ ፕሮቶኑን አልለቅም እንደሚል የሚያስተምርሽ ፊዚካል ኬሚስትሪ ነው፤ ቴርሞዳይናሚክሱ ውስጥ አለ። ስለዚህ አዎ፣ የግድ ነው። የተወሰነ ፕሮግራም ባያስገድድሽም ቢያንስ የቴርሞዳይናሚክስና የኪኔቲክስ ክፍሉን ውሰጂው። ካልኩለስ የሚገባውም በዚሁ በር ነው፤ ፍጥነት ሲባል ዴሪቬቲቭ ማለት ነው፤ የኢንዛይም ኪኔቲክስ ደግሞ ሙሉ በሙሉ የፍጥነት ነገር ነው።

አናሊቲካልም፣ የንጥረ ነገርን ዓይነትና መጠን የመለካት ትምህርቱ፣ ቢሆን አሰልቺ ነው ሲባል ሰምተሽ እንዳትፈሪው። ሴል ውስጥ ኤሌክትሮን የሚያጓጉዘው ኤንኤዲኤች የተባለው ሞለኪውል 340 ናኖሜትር ላይ ብርሃን ይመጥጣል፤ ኤሌክትሮኑን የሰጠው ኤንኤዲ ግን እዚያ ላይ አይመጥጥም። በዚህ ልዩነት ብቻ የአንድን ኢንዛይም ሥራ በሰከንድ በሰከንድ መከታተል ይቻላል። መጀመሪያ የግራፉን መስመር እየወጣ ሳየው የተሰማኝን ደስታ አሁንም አስታውሰዋለሁ።

ስታቲስቲክስ በብዙ ቦታ ግዴታ አይደለም፤ አንቺ ግን ከምርጫ ኮርሶችሽ አንዱ አድርጊው። ፕሮጀክትሽ ላይ ሦስት ጊዜ ለክተሽ ሦስት የተለያየ ቁጥር ስታገኚ ታመሰግኚዋለሽ።

20ዎቹን አሚኖ አሲዶች ከእነ ቅርጻቸው ባዮኬሚስትሪ አንድ ከመጀመሩ በፊት ባለው እረፍት ያዣቸው። በፊደል ተራ አይሁን፤ በቻርጅ፣ ውሃ በመውደድና ባለመውደድ እየመደብሽ ይሁን። ሂስቲዲንን ለብቻው ተመልከቺው፤ የጎኑ ፒኬኤ (ግማሹ ፕሮቶኑን የሚለቅበት ፒኤች) 6 አካባቢ ስለሆነ በሰውነት ፒኤች ፕሮቶን መቀበልም መስጠትም ይችላል። ለዚህ ነው ብዙ ኢንዛይሞች የሥራ ቦታቸው ላይ የሚያስቀምጡት።

አንድ ነገር ልለምንሽ። የኮርሶቹን ዝርዝር አውጥተሽ ወረቀት ላይ ጻፊ፤ ከእያንዳንዱ ወደሚቀጥለው ቀስት ሳዪ፤ አጠገቡም በየትኛው ሴሚስተር እንደሚሰጥ መዝግቢ። ያንን ወረቀት ይዘሽ አማካሪሽ ጋር ሂጂ። ብዙ ቀስት የሚነሳበት ኮርስ የማይሸጋገረው ነው፤ ምንም ቀስት የማይነሳበትን ግን ሲከብድሽ ወደፈለግሽው ሴሚስተር መግፋት ትችያለሽ። ስትሠሪው ግራ የገባሽ ካለ እዚሁ ለጥፊው፣ አብረን እናየዋለን።