"እጅጋየሁ" ተብሎ ሕፃን ይጠራል?

ጥያቄ

ለአምዱ አዘጋጅ፣

ትዕግሥቴ ቢያልቅ ነው የምጽፍልዎ። የመጀመሪያ ልጄን ከወለድኩ ዛሬ 68ኛ ቀኔ ነው። ክርስትናዋ 12 ቀን ቀርቶታል፤ ልጅቷ ግን እስካሁን ስም የላትም። አማቴ በመጣ በሄደው ሰው ፊት "እጅጋየሁ" እያሉ ይጠሯታል። እኔና ባለቤቴ ገና ሳልወልድ "ሶልያና" ብለን ተስማምተን ነበር። አሁን እሱ "እማዬ ካለች ምን ላድርግ?" ብሎ ተቀምጧል።

ስሙን ንቄ አይደለም። ግን በዚህ ዘመን ሕፃን ልጅ እጅጋየሁ ትባላለች? ስሙን ስሰማ የምትታየኝ ነጠላዋን ያጣፋች፣ የዕድር ገንዘብ የምትሰበስብ ትልቅ ሴት ናት። ብሌን፣ ኤልዳና፣ ሶልያና በሚባሉ ልጆች መካከል መምህሯ "እጅጋየሁ" ብላ ስትጠራት ምን ይሰማታል? ስሙ ደግሞ ረጅም ነው። ሲቆላመጥ "እጅጌ" ይሆናል፤ የሸሚዝ እጅጌ እያሉ ሲስቁባት ካሁኑ ይታየኛል። በእንግሊዝኛ ፊደልም አንድ ወጥ አጻጻፍ የለውም። ነገ ለትምህርት ውጭ ብትሄድ ማን አስተካክሎ ሊጠራላት ነው?

ባለቤቴ አፉን ከከፈተም የታወቁ ሴቶችን ነው የሚደረድርልኝ። የዳግማዊ ምኒልክ እናት እጅጋየሁ ናቸው፣ ሯጯ እጅጋየሁ ዲባባ፣ ዘፋኟ እጅጋየሁ ሽባባው፣ አሁን ደግሞ እጅጋየሁ ታዬ ይለኛል። ይሁን፣ ታዋቂዎች ናቸው። ታዋቂ ሰው ስለተጠራበት ያረጀ ስም አዲስ ይሆናል እንዴ?

ለማስታረቅ ያልሞከርኩት የለም። መጀመሪያ "እጅጋየሁ የክርስትና ስሟ ይሁን" አልኩ። ቀጥሎ "ሶልያና እጅጋየሁ ብለን አጣምረን እናስመዝግባት" አልኩ። አማቴ ሁለቱንም አልተቀበሉም። "ስም በጓሮ በር አይገባም" አሉኝና ከዚያ ወዲህ ተኳርፈናል። እርግጥ ስሙ የእናቴ ነው፣ ነፍሷን ይማርና፤ አማቴ ግን እናቴን በሕይወት ሳለች ያገኟት ሁለት ጊዜ ብቻ ስለሆነ ለእሷ ብለው ነው ማለት አልችልም። እኔ የሚታየኝ ምጡ የኔ ሆኖ ስሙ የሳቸው መሆኑ ነው። የልጅ ስም የማውጣት መብት የማን ነው?

ሌላም ነገር አለ፤ ይህን ለባለቤቴም አልነገርኩትም። እናቴን አንድም ቀን በስሟ ጠርቻት አላውቅም፤ "እማዬ" ነበር የምላት። ታዲያ ልጄ ስታጠፋ "እጅጋየሁ! አርፈሽ ተቀመጪ!" ብዬ ልቆጣት ነው? በእናቴ ስም? ይህ ነውር አይደለም ወይ?

የ68 ቀን አራስ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ

እህቴ፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ።

ስለ ስሙ እርጅና እመለስበታለሁ። መጀመሪያ "ነፍሷን ይማርና" ብለሽ እየሮጥሽ ያለፍሽው ነገር ላይ ልቁም። አማትሽ ለልጃቸው ልጅ የራሳቸውን ስም አላወጡም፤ የእናታቸውንም አላወጡም። የመረጡት ሁለት ጊዜ ብቻ ያዩዋትን ሴት ስም፣ የአንቺን እናት ስም ነው። አንቺ ይህን እንደ ጉልበት ቆጥረሽባቸዋል። በዚህ በጣም ተሳስተሻል።

ምን እንደሰጡሽ እንዲገባሽ የስማችንን አሠራር አስቢው። ልጅሽ የራሷን ስም ትይዛለች፤ ቀጥሎ የአባቷን፣ ቀጥሎ የአያቷን። ሁለተኛውና ሦስተኛው ቦታ ገና ሳትወለድ በባልሽ ወገን ተይዟል። ባልሽ የደረደረልሽ ሴቶችም የሚያሳዩት ይህንኑ ነው፤ እሱ ዝናቸውን አየና ዋናውን ሳተው። ወይዘሮ እጅጋየሁ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. አንጎለላ ላይ ወንድ ልጅ ወለዱ። ያ ልጅ ሲጻፍ ምኒልክ ኃይለ መለኮት ሣህለ ሥላሴ ነው። የወለዱት እናት በዚያ ሐረግ ውስጥ የሉም። ዲባባ፣ ሽባባው፣ ታዬ ሁሉም አባቶች ናቸው። በእኛ አጠራር የሴት ስም ወደ ልጅ ልጅ የሚሻገረው በአንድ ቦታ ብቻ ነው፤ እሱም የመጀመሪያው ነው። አማትሽ ያንን ቦታ ለእናትሽ ለቀቁ። በጓሮ በር አይገባም ያሉትም ለዚህ ይመስለኛል።

መብቱ የማን ነው ላልሽው፣ አያት ስም ማውጣቱ የቆየ ወግ ነው። "ምኒልክ" የሚለውን ስም ያወጡት አያቱ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ እንደሆኑ ሲነገር የኖረ ነው።

ያቀረብሻቸው ሁለቱ ማስታረቂያዎች በተግባርም አይሠሩም። የክርስትና ስም የሚሰጠው ካህኑ ነው፤ ወለተ ማርያም፣ አመተ ሥላሴ፣ ፍቅርተ ማርያም እንደሚባለው ነው። እጅጋየሁ በዚያ መልክ የተሠራ ስም አይደለም። ቢሆንም እንኳ የክርስትና ስም ለጸሎት፣ ለቁርባን፣ ለፍትሐት ነው እንጂ በልደት ምስክር ወረቀት ላይ አይሰፍርም። "ሶልያና እጅጋየሁ" ደግሞ ይብሳል። ቅጹ ላይ ያሉት ቦታዎች ሦስት ናቸው፤ ሁለት ስም ለያይተሽ ብታስገቢ ሁለተኛውን የሚያነበው ሁሉ የአባት ስም ያደርገዋል። ባልሽ ወደ ሦስተኛ ቦታ ይገፋል፣ አያትየው ይወድቃሉ። ውጭ አገር ያለ ጸሐፊማ ልጅቷን "የእጅጋየሁ ልጅ" ብሎ ይመዘግባታል። ያንን ለማረም ፍርድ ቤት ነው የምትመላለሺው።

አሁን ወደ እርጅናው። ስሙ "እጅግ" እና "አየሁ" ተጋጥመው የወጣ ነው። "አየሁ" የምትለው ልጅቷ አይደለችም፤ ስም አውጪዋ ናት። እናትሽ በተወለደችበት ቀን አንዲት ሴት፣ ምናልባት አያትሽ፣ "እጅግ አየሁ" ብላለች፤ ቃሏም ስም ሆኖ ቀረ። የዲባባን ቤት ተመልከቺ። ታላቋ እጅጋየሁ፣ ቀጥላ ጥሩነሽ፣ ታናሿ ገንዘቤ። "አየሁ"፣ "ነሽ"፣ "ገንዘቤ"፤ በሦስቱም ውስጥ የሚናገረው ወላጅ ነው። እንዲህ ያለው ስም እየቀረ መሄዱ ያሳዝነኛል፤ አልደብቅሽም። ሶልያና ያማረ ስም ነው። ግን በውስጡ የቤታችሁ ሰው ድምፅ የለም።

ደግሞስ ማን አረጀ አለሽ? እጅጋየሁ ታዬ የተወለደችው እ.ኤ.አ. በ2000 ነው። በ2021 የመጨረሻ ቀን ባርሴሎና ላይ 5 ኪሎ ሜትር የጎዳና ሩጫን በ14 ደቂቃ ከ19 ሰከንድ ጨርሳ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረች፤ በ2023 ቡዳፔስት ላይ በ10,000 ሜትር ከጉዳፍ ጸጋይና ከለተሰንበት ግደይ ቀጥላ ነሐስ ወሰደች። የዕድር ገንዘብ ሰብሳቢ የምትመስልሽ እሷ ናት? እጅጋየሁ ዲባባም አቴንስ 2004 ላይ በ10,000 ሜትር ብር ስታገኝ ደራርቱ ቱሉ ሦስተኛ ነበረች። በዓመቱ ሄልሲንኪ ላይ በ5,000ም በ10,000ም ነሐስ ወሰደች፤ ሁለቱንም ወርቅ የወሰደችው ታናሿ ጥሩነሽ ናት። የታላቂቱ ስም ከታናሿ ያነሰ የተነገረው ከወርቁ የተነሳ ነው እንጂ ስሟ ስላረጀ አይደለም።

ርዝመቱንም ቁጠሪው። እ-ጅ-ጋ-የ-ሁ አምስት ፊደል ነው፤ ሶ-ል-ያ-ና አራት። የምታዝኝበት በአንድ ፊደል ነው።

"እጅጌ" ግን እውነተኛ ሥጋት ነው፤ መፍትሔውም ቀላል ነው። ቁልምጫ ካልመረጥሽላት ሰፈሩ ይመርጥላታል። ስለዚህ ከክርስትናው በፊት አንድ ወስኚና ቤተኛው ሁሉ በዚያ ብቻ ይጥራት። "እጅጋ" አለ፣ "አየሁ" አለ። ቻግኒ የተወለደችው እጅጋየሁ ሽባባው "ጂጂ" ብላ ዓለም አውቋታል፤ ማንም ፈረንጅ ምላሱ አልተሳሰረም።

የላቲኑ ጉዳይ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሦስቱ ሴቶች በሦስት ዓይነት ተጽፈው ታገኛቸዋለሽ። የዘፋኟ ከ"ጄ" ቀጥሎ "አይ" አለው፤ የዲባባ ልጅ በዚያው ቦታ "ኢ" አላት፤ የታዬ ልጅ ምንም ሳይገባ ከ"ጄ" በቀጥታ ወደ "ጂ" ትሄዳለች። ለልጅሽ የምመክርሽ የመጀመሪያውን ነው፦ ኢ፣ ጄ፣ አይ፣ ጂ፣ ኤ፣ ዋይ፣ ኢ፣ ኤች፣ ዩ። በ"ጄ" እና በ"ጂ" መካከል አናባቢ ከሌለ የውጭ ሰው ይደናቀፋል። ችግር የሚመጣው ከምርጫው ሳይሆን ከመለዋወጡ ነው፤ የክትባት ካርዱ በአንድ፣ የልደት ምስክር ወረቀቱ በሌላ፣ ፓስፖርቱ በሦስተኛ ሲጻፍ ነው። በወረቀት ላይ ጽፈሽ ለመዝጋቢው ስጪው፤ ከመፈረምሽ በፊት ፊደል በፊደል አንብቢ። አማርኛውንም እዪ፤ "ጅ" ሳድስ ነው እንጂ "ጂ" አይደለም፣ "የ" ግዕዝ ነው እንጂ "ዬ" አይደለም።

ቀኑንም አትዘንጊ። በአዋጅ ቁጥር 760/2004 ልደት የሚመዘገበው በ90 ቀን ውስጥ ነው። ክርስትናው በ80 ከሆነ የሚቀርሽ 10 ቀን ብቻ ነው፤ እሑድና በዓል ሲነሳለት ከዚያም ያንሳል። ከሆስፒታል የተሰጠሽን የልደት ማሳወቂያና የሁለታችሁን መታወቂያ ካሁኑ አዘጋጂ። አንዴ ከተመዘገበ በኋላ ስም መለወጥ የፍርድ ቤት ጉዳይ ነው።

በመጨረሻ የጻፍሽው ግን መጀመሪያ መጻፍ የነበረበት ነው። ከረጅምነቱና ከሸሚዙ እጅጌ ጋር ስትታገዪ የነበረው ለዚህ ነው፤ ገብቶኛል። ነውር አይደለም። ከባድ ግን ነው፣ ማንም ቀላል ነው ሊልሽ አይገባም። በዚያ ስም እንድትጠሪያት ዛሬ አትገደጂ። ስሙ ለወረቀቱ፣ ለትምህርት ቤቱ፣ ለጎረቤቱ ይሁን። ስትቆጪ "አንቺ ልጅ" በያት። በቤት ውስጥ ደግሞ አገራችን ሴት ልጅን "እማዬ" ብሎ የመጥራት ወግ አላት። እናትሽ ካረፈች ወዲህ ያ ቃል ከአፍሽ ወጥቶ አያውቅም ይሆናል። ልጅሽን በሱ ጥሪያት። የእጅጋየሁን ስም ደግሞ እሷ ራሷ ታስለምድሻለች፤ አፏን ስትፈታ ስሟን ስትጠየቅ ከሷ ትሰሚዋለሽ።

ወረዳ ከመሄድሽ በፊት ግን አንድ ነገር አድርጊ። ዛሬ ማታ ሕፃኗን ታቅፈሽ አማትሽ አጠገብ ተቀመጪና "እናቴን ሁለት ጊዜ ብቻ ነው ያገኟት፤ ስሟን ለምን መረጡላት?" ብለሽ ጠይቂያቸው። ባልሽም እዚያው ሆኖ ይስማ።