የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ታንከሩ ውስጥ ስንት ሊትር አለ?

ጥያቄ፦ ፋብሪካችን የተጋደመ የ10,000 ሊትር የናፍጣ ታንከር አለው። ዲያሜትሩ 1.60 ሜትር፣ ርዝመቱ 5 ሜትር ነው። የመለኪያ ዘንጉን አሥር ቦታ እኩል ከፍለን እያንዳንዱን ምልክት 1,000 ሊትር ብለነዋል። ጄኔሬተሩ በሰዓት 25 ሊትር ገደማ ይወስዳል። ታንከሩ ግማሽ አካባቢ ሲሆን አንድ ምልክት 50 ሰዓት ያሠራናል፤ ከ2,000 ወደ 1,000 ሲወርድ ግን 36 ሰዓት ብቻ። ጄኔሬተሩም ሥራውም ያው ነው። የማታ ጥበቃውን መጠርጠር ጀምረናል። (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ እባካችሁ ጥበቃውን አታስቀይሙት። በጻፋችሁልን ቁጥር ውስጥ የጎደለ ናፍጣ የለም፤ የተሳሳተው የዘንጋችሁ ምልክት ነው።

የተጋደመ ታንከር ሆዱ ሰፊ፣ ታችና ላዩ ጠባብ ነው። የእናንተው ግማሹ ላይ በአንድ ሳንቲ ሜትር 80 ሊትር ይይዛል። ከታች 10 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ላይ ግን አንድ ሳንቲ ሜትር ማለት 39 ሊትር ነው። ስለዚህ ዘንጉ ከ6,000 ወደ 5,000 ሲወርድ የተቃጠለው 1,270 ሊትር ነው፤ ለ25 ሲካፈል 51 ሰዓት ይመጣል። ከ2,000 ወደ 1,000 ሲወርድ ደግሞ 910 ሊትር፣ ማለትም 36 ሰዓት። ካያችሁት ጋር ልክ ይገጥማል።

የጎንና የጎን ክዳኑ ጠፍጣፋ ከሆነ ትክክለኛው እንዲህ ነው፦ 16 ሳንቲ ሜትር 523 ሊትር፣ 32 ሳንቲ ሜትር 1,431፣ 48 ሳንቲ ሜትር 2,536፣ 64 ሳንቲ ሜትር 3,755፣ 80 ሳንቲ ሜትር 5,027። ከግማሽ በላይ ሲሆን ከላይ ባዶ የቀረውን ከፍታ ለኩና የዚያን ከፍታ ሊትር ከ10,053 ቀንሱ። ለምሳሌ ናፍጣው 128 ሳንቲ ሜትር ከደረሰ ባዶው 32 ነው፤ 10,053 ሲቀነስ 1,431፣ 8,622 ሊትር አላችሁ። ዘንጋችሁ እዚያ ላይ 8,000 ነው የሚለው። እሱን አምናችሁ 2,000 ሊትር ብታዝዙ ታንከሩ የሚቀበለው 1,431 ብቻ ነው፤ የቀረው 570 ሊትር ገደማ መሬት ላይ ይፈሳል። ከሁሉ የሚያሰጋን ይኼኛው ነው።

ዘንጉን ዳግም ከማስመር በፊት ሁለት ነገር አረጋግጡ። አንደኛ፣ 1.60 ያላችሁት ከውስጥ ነው ከውጭ? ላሜራው 5 ሚሊ ሜትር ከሆነ ከውጭ ልኬቱ 1 ሳንቲ ሜትር ይቀነሳል። ሁለተኛ፣ ታንከሩ ላይ ውሃ ልክ አስቀምጡ። ዳርና ዳሩ በ5 ሳንቲ ሜትር ቢበላለጥና የምትለኩት በአንዱ ዳር ቢሆን፣ ግማሽ ላይ 200 ሊትር ትሳሳታላችሁ። ትክክለኛው መለኪያ ቀዳዳ የርዝመቱ መሃል ላይ ያለው ነው። ክዳኑ የተነፋ ከሆነ ወይም ሒሳቡን ካላመናችሁት፣ ታንከሩን ባዶ አድርጋችሁ ቆጣሪ ባለው ፓምፕ 500 ሊትር በ500 ሊትር እየሞላችሁ፣ በየመሃሉ ናፍጣው እስኪረጋ ጠብቃችሁ ዘንጉን አስምሩ። አንድ ቀን ይፈጃል፤ ከዚህ የሚበልጥ ዘዴ ግን የለም።

ልኬቱን ሁልጊዜ ጠዋት ፀሐይ ሳይሞቅ ውሰዱ። ናፍጣ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲጨምር 8,000 ሊትሩ ወደ 66 ሊትር ያብጣል።

ጥያቄ፦ ለሆቴላችን ናፍጣ ታንከር ውስጥ የሚጠልቅ የግፊት ሴንሰር አስገባን። ታንከሩ ግማሽ ቢሆንም ስክሪኑ ሁልጊዜ ባዶ ይላል። ቀይረን ሌላ ተመሳሳይ ብናስገባም ያው ነው። (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ሁለቱም የተበላሹ አይመስለንም። ሴንሰሩ የሚለካው በላዩ ያለውን የናፍጣ ክብደት ከአየር ግፊት ጋር እያነጻጸረ ነው። ደህናው ዓይነት በኬብሉ ውስጥ ከሽቦዎቹ ጎን የምትሄድ ቀጭን የአየር ቱቦ አለችው፤ የአካባቢውን አየር የሚያውቀው በእሷ ነው። አንዳንዱ ግን ፋብሪካ ውስጥ በባህር ጠለል የአየር ግፊት ታሽጎ ይመጣል። አዲስ አበባ ከባህር ጠለል 2,300 ሜትር ገደማ ከፍ ስለምትል አየሯ ወደ 24 ኪሎ ፓስካል ያንሳል። አንድ ሜትር ናፍጣ የሚጫነው 8.2 ኪሎ ፓስካል ብቻ ስለሆነ፣ ሴንሰሩ ወደ 3 ሜትር የሚጠጋ ናፍጣ አሳንሶ ያያል። ታንከራችሁ 3 ሜትር ካልደረሰ ሞልቶም ቢሆን ባዶ ይላል።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። ሴንሰሩን አውጥታችሁ አየር ላይ አንጠልጥሉትና በሚሊ አምፔር ለኩ። የ4–20 ዓይነት (ባዶ ሲሆን 4፣ ሙሉ ሲሆን 20 ሚሊ አምፔር የሚልክ) ከሆነ 4.00 ማሳየት አለበት። ከዚያ በታች ካሳየ የታሸገ ነውና የአየር ቱቦ ባለው አስቀይሩት። 4.00 ካሳየ ደግሞ ችግሩ ሽቦው ወይም ስክሪኑ ላይ ነው። አዲሱ ሲገጠም ኤሌክትሪሺያኑ ቱቦዋን በሲሊኮን እንዳይደፍናት፤ ኬብሉ የሚያበቃበት ሳጥን አየር የሚያስገባና እርጥበት መምጠጫ ያለው መሆን አለበት።

ስክሪኑ ሲስተካከል የናፍጣን ጥግግት 0.84 አስገቡ። በውሃ ጥግግት (1.00) ከተተወ ሙሉ ታንከር 84 በመቶ ይላል። ይህ ሁሉ ለናፍጣ ነው። ለቤንዚን ፈንጂ ጋዝ ላለበት ቦታ የተፈቀደ ሴንሰር ካልሆነ በፍጹም አታስገቡ።

ጥያቄ፦ ታንከሩ ጎን ላይ የተሠራው ግልጽ ጎማ ቢጫ ሆኖ ደንድኗል፤ ናፍጣው አይታይም። ይቀየር ወይስ ይጠረግ? (ከአዳማ)

መልስ፦ ዛሬውኑ ይቀየር። በፀሐይና በናፍጣ የደነደነ ጎማ ከማያያዣው ሥር ይሰነጠቃል፤ ሲሰነጠቅም ታንከሩ በዚያ በኩል እስከ ማያያዣው ይራገፋል። እሳት ቢነሳ ደግሞ መጀመሪያ የሚቀልጠው እሱ ነው። ስለዚህ ከታች፣ ስትጫኑት ብቻ የሚከፈትና ስትለቁት በስፕሪንግ ራሱን የሚዘጋ ቫልቭ ይግባለት። አዲሱ ቱቦ ነዳጅ የሚችል ይሁን፤ ለውሃ የሚሸጠው ግልጽ ጎማ አይሆንም። የላይኛው ጫፉ ወደ ታንከሩ አናት ተመልሶ ይግባ። ጫፉ ከተደፈነ አየር ይታፈንና ናፍጣው ከእውነተኛው ከፍታ ዝቅ ብሎ ይቆማል። ስታነቡ ቫልቩን ተጭናችሁ መውጣቱን እስኪያቆም ጠብቁ።