አማካሪ ድርጅት መቀጠር ያለበት መቼ ነው? ለደሴው ወንድማችን ጥያቄ

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን ደግሜ አነበብኩት። ደሴ ላይ የአባትህን የግንባታ ዕቃ ጅምላ ንግድ ትመራለህ፤ ኮምቦልቻና ወልዲያ ቅርንጫፍ አላችሁ። ሒሳቡ ፒችትሪ በሚባለው የሒሳብ ሶፍትዌር፣ መጋዘኑ በኤክሴልና በቢን ካርድ (የዕቃ ገቢና ወጪ በሚጻፍበት ካርድ) ነው። ወልዲያ ላይ ብረት በየወሩ ይጎድላል። ከአዲስ አበባ የመጣ የቴክኖሎጂ አማካሪ ድርጅት «ኢአርፒ (ሒሳብን፣ መጋዘንንና ሽያጭን ባንድ የሚያያይዝ ሲስተም) ያስፈልጋችኋል» ብሎ ፕሮፎርማ ሰጥቷችኋል። አባትህ «ደብተሩ ይበቃናል» ይላሉ፣ አንተ ደግሞ ጊዜው ደርሶ እንደሆነ ትጠይቃለህ። እኔ ኮምቦልቻና ደሴ ውስጥ በፋብሪካም በጅምላ ቤትም በሒሳብ ሥራ ረጅም ዓመት ስለቆየሁ፣ አማካሪ ሲቀጠርም ሳይቀጠርም የሚሆነውን ከቅርብ አይቻለሁ።

አብሽር፣ የሚያስጨንቅ ነገር የለም፤ ግን አሁን አትፈርም። የውጭ አማካሪ የሚቀጠረው ችግሩ የት እንዳለ እናንተው ለይታችሁ ካወቃችሁ በኋላ ነው፤ ያውም መፍትሔው ከቤታችሁ ማንም ሠርቶት የማያውቅና አንዴ ከተበላሸ ለመመለስ የሚከብድ ሲሆን። አንተ ገና የመጀመሪያው ላይ ነህ። ብረቱ ለምን እንደሚጎድል አታውቅም።

ከሱ እንጀምር። ብረት ከፋብሪካ በኩንታል ይገባል፣ ለደንበኛ በቤርጋ፣ ማለትም በዘንግ ቁጥር፣ ይወጣል። ባለ 12 ሚሜ ብረት፣ አንዱ ቤርጋ 12 ሜትር ከሆነ፣ በደረጃው 10.66 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ስለዚህ አንድ ኩንታል 9 ቤርጋ ከምናምን ነው። በሠራሁበት አንድ ቤት ግዢ ክፍሉ ኩንታሉን በ10 እያባዛ ገቢ ያደርግ ነበር። 50 ኩንታል ሲራገፍ ካርዱ ላይ 500 ቤርጋ ይጻፋል፣ መጋዘን ውስጥ የተደረደረው ግን 469 ነው። ማንም ሳይነካው 31 ቤርጋ ጠፋ ማለት ነው። ዕቃ ግምጃ ቤቱ ልጅ በሌብነት ተጠርጥሮ ለወራት ተሳቀቀ፤ ሥራውንም ሊለቅ ደርሶ ነበር። ነገሩ የተገለጠው ጥቂት ቤርጋ ሚዛን ላይ ጭነን በካልኩሌተር ስናሰላ ነው። ያኔ ሲስተም ተገዝቶ ቢሆን ኖሮ ያው 10 ወደ ሲስተሙ ይገባና ጉድለቱ በየቀኑ በሚያምር ሪፖርት ይወጣ ነበር፤ ልጁም ይባረር ነበር። አንዳንዱ ብረት ደግሞ ከደረጃው ቀጠን ብሎ ይመጣል፣ ያን ጊዜ ከኩንታሉ የሚገኘው ቤርጋ ይበዛል። ስለዚህ ከየጭነቱ መዝኑ፣ ገቢም በተቆጠረው ቤርጋ ይሁን።

የአንተ ጉድለት ከዚህ የተለየ ሊሆን ይችላል። ቢሆንም አማካሪ ከመጥራትህ በፊት ወልዲያ ሄደህ፣ የአንድ ወር መረከቢያና ወጪ ማዘዣ ዘርግተህ፣ አንድ ዓይነት ብረት ብቻ ከመግቢያ እስከ መውጫ ተከታተል። እግረ መንገድህን የሦስቱንም ቅርንጫፍ የዕቃ ዝርዝር ጎን ለጎን አስቀምጥ። ደሴ «ፌሮ 12» ያለውን ኮምቦልቻ «ብረት ባለ 12»፣ ወልዲያ «12 ሚሜ» ብለው መዝግበውት ታገኛለህ፤ ባለ 32 ጌጅ ቆርቆሮም እንደዚያው። ዝርዝሩን አንድ ማድረግ የሚችለው ዕቃውን በዓይኑ የሚያውቅ የቤት ሰው ነው። አማካሪው ቢሠራው በቀን ሒሳብ ያስከፍልሃል፣ ሥራውንም መልሶ የሚጠይቀው የአንተኑ ሠራተኞች ነው።

እንግዲህ የውጭ ሰው በእውነት የሚያስፈልገው መቼ ነው? የዓመታት ዱቤ፣ ቀሪና የዕቃ ሒሳብ ከፒችትሪ ወደ ሌላ ሲስተም ሲዛወር አንዱ ነው። የሒሳብ ሠራተኛህ የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆን ይህን በሥራ ዘመኑ አንድ ወይ ሁለት ጊዜ ቢያየው ነው፤ ደህና አማካሪ ግን ዘወትር ይሠራዋል። የምትከፍለው ለዚያ ልምድ ነው። ሌላው፣ የድርጅቱን ፓስዎርድ ሁሉ አንድ የአይቲ ሠራተኛ ብቻ ይዞት፣ እሱ ሲታመም ሥራ የሚቆም ከሆነ ነው። እዚህ ላይ ከውጭ መጥቶ የሚፈትሽ ሰው ያስፈልጋል፣ ሰው የራሱን ሥራ ራሱ ሊመረምር አይችልምና። የዕለት ተዕለቱ ነገር ግን፣ ባክአፕ መውሰድ፣ ለሠራተኛ ኤክሴል ማስተማር፣ ኔትዎርክ ማስተካከል፣ የአማካሪ ሥራ አይደለም። ለሱ ኮምቦልቻ ከወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ከሚመረቁት ልጆች አንዱን ቅጠር።

ይህ ልጅ ለሌላም ያስፈልጋል። አማካሪ ሥራውን ጨርሶ ይሄዳል፤ የሚረከበው ሰው በቤት ከሌለ የተሠራው ሁሉ በስልክ የሚለመን ነገር ይሆናል። ደሴ ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ መንገዱ ደግሞ ሁልጊዜ እንደልብ እንዳልሆነ ታውቃለህ። ስለዚህ ተረካቢው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አማካሪው ጎን ይቀመጥ። እንዲህ ያለ ሰው እስካላገኘህ ድረስ ጊዜው አልደረሰም ባይ ነኝ።

ስለመጣው ድርጅት ደግሞ አንድ ነገር በግልጽ ጠይቅ፦ «ይህን ሶፍትዌር ስንገዛ እናንተ ኮሚሽን ታገኛላችሁ?» ወኪል ከሆኑ ሻጭ ናቸው። መሸጥ ነውር የለበትም፤ ግን የሻጭን ምክር እንደ ገለልተኛ ምክር አትቀበል። ቤታችሁን ሳያዩ፣ መጋዘን ሳይገቡ ዋጋ ከሰጡም ለሁሉም የሚሰጡትን ነው የሰጧችሁ። ከፈለግካቸው በመጀመሪያ ለጥናት ብቻ አስፈርማቸው። ቢጋሩን (የሚሠራውን ሥራ የሚዘረዝረውን ሰነድ) አንተ ጻፍ፤ አንድ ሁለት ገጽ ይበቃል፣ በተራ አማርኛ፣ የሶፍትዌር ስም ሳይጠቀስ፦ ምን እንደሚጎድል፣ ማን ምን ማየት እንዳለበት፣ ሪፖርቱ መቼ አባትህ ጠረጴዛ ላይ መድረስ እንዳለበት። የጥናቱ ሰነድ የእናንተ ንብረት ይሁን፤ ከፈለጋችሁ ለሌላ ድርጅት ወስዳችሁ የምታሠሩበት መብት በውሉ ይጻፍ።

ውሉ ላይ ሳትሰለች የምትታገልባቸው ነገሮች አሉ። የላይሰንሱ ዋጋ በዶላር ከሆነ ተጠንቀቅ፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል፣ በዶላር የፈረመ ሰው ዓመታዊ ክፍያው ሳያስበው ወደ እጥፍ ተጠጋ። ዋናው የአድሚን ፓስዎርድ በአንተ እጅ ይሁን። መረጃህን በፈለግክ ጊዜ በኤክሴል ማውጣት መቻልህን ከመጨረሻው ክፍያ በፊት በዓይንህ እይ። ክፍያው በቀን መቁጠሪያ ሳይሆን በርክክብ ይሁን፣ ለምሳሌ ወልዲያ የሸጠው ደሴ ላይ በዕለቱ ሲታይ ይህን ያህል ይከፈል ብለህ።

ለእኛ አገር ደግሞ ከሁሉም የሚበልጠው ይህ ነው። በ2014 ጥቅምትና ኅዳር በጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ የሆነውን ለአንተ አልነግርህም። ኮምፒውተሩም ሰርቨሩም ደብተሩም ሲዘረፍና ሲቃጠል፣ ማን ስንት ዱቤ እንዳለበት የሚያሳይ ወረቀት ያጣ ነጋዴ ብዙ ነው፤ ያን ጊዜ የቆሙ አንዳንድ ቤቶች እስካሁን አልተነሡም። ኮፒው ሌላ ከተማ የነበረው ግን ቢያንስ ሒሳቡን ይዞ ጀመረ። ከዚያ በ2015 ክረምት የክልላችን የሞባይል ዳታ ተቋርጦ ለወራት ቆየ። ስለዚህ «ሁሉም ነገር ክላውድ ላይ ነው» የሚል አማካሪ ሲመጣ፣ ኢንተርኔት ሲጠፋ ወልዲያ ያለው ልጅ ደረሰኝ ቆርጦ ዕቃ ማውጣት ይችል እንደሆነ እፊትህ ገመዱን ነቅሎ ያሳይህ። ካልቻለ ሲስተሙ ለዚህ አገር አልተሠራም። ኮፒም ከወሎ ውጭ በየዕለቱ ካልሆነም በየሳምንቱ ይቀመጥ።

አባትህ «ደብተሩ ይበቃናል» ሲሉ አትናቃቸው። የትኛው ተቋራጭ በሰዓቱ እንደሚከፍል፣ ለማን ከምን ያህል በላይ ዱቤ እንደማይሰጥ የተጻፈው እዚያ ነው። አማካሪው ሲመጣ ግማሽ ቀን ከእሳቸው ጋር ይቀመጥ፤ እሳቸውን ለማዳመጥ ትዕግሥት የሌለው አማካሪ ቤታችሁን ሊያውቅ አይችልም። የዱቤ ጣሪያው ወደ ሲስተሙ ሲገባ በእሳቸው ልክ ይግባ።

ጊዜውን በተመለከተ፣ ሒሳብ ዓመቱ ሰኔ 30 ስለሚዘጋ አዲስ ሲስተም ሐምሌ 1 ቢጀምር መነሻው ንጹሕ ይሆናል። ችግሩ፣ ደረጃ ሀ ግብር ከፋይ ስለሆናችሁ እስከ ጥቅምት 30 የዓመቱን ሒሳብ ዘግቶ ግብር የሚያሳውቀው ያው ሠራተኛ ነው፣ ሁለቱን ባንድ ላይ ከጫንክበት ሁለቱም ይበላሻሉ። ስለዚህ ጥናቱን ከኅዳር እስከ ጥር አሠራ፣ የዕቃውን ዝርዝር እስከ ግንቦት አጽዳ፣ ሰኔ 30 ሦስቱንም መጋዘን ባንድ ቀን ቁጠሩ፣ ለክረምቱ ለሒሳብ ሠራተኛህ ረዳት ጨምርለት። ወልዲያ ስትሄድ ሚዛን ይዘህ ሂድ፤ ያገኘኸውን እዚሁ ጻፍልን፣ ቢጋሩንም ስታዘጋጅ ላክልኝ፣ አይቼ የምለው ካለ እጨምርበታለሁ።