ኤረሩን ዝም አታሰኙት፦ የዴስክቶፕ አፕሊኬሽን ለምትሰሩ የወሎ ልጆች

ሰላም የኔ ልጆች፣ እንዴት ከረማችሁ። ደሴም ኮምቦልቻም ወልዲያም ሀይቅም ከሚሴም ያላችሁ ፕሮግራሚንግ የጀመራችሁ ልጆች የምትጠይቁኝ ነገር እየተመሳሰለ ስለመጣ ለየብቻ ከምመልስላችሁ አንድ ላይ ሰብሰብ አድርጌ ልጻፈው ብዬ ነው። እኔ ከቪዥዋል ቤዚክ 6 ጊዜ ጀምሮ እስካሁን ሲ ሻርፕ ድረስ ለሱቅ፣ ለፋርማሲ፣ ለክሊኒክ የዴስክቶፕ ፕሮግራም ስሰራ ነው የኖርኩት፣ ስለዚ የምነግራችሁ ሰው ጠረጴዛ ላይ ሲሰራም ሲበላሽም ያየሁትን ነው።

"ዴስክቶፕ ድሮ ቀረ፣ አሁን ሁሉም ዌብና ሞባይል ነው" የሚላችሁ ሰው እንዳለ አውቃለሁ። ዌቡንም ሞባይሉንም ተማሩ፣ ግን ኮምቦልቻ ያለ የህንጻ መሳሪያ መደብር ኔትወርክ ጠፋ ብሎ ሽያጩን አያቆምም፣ ባቲም ሰኞ ገበያው ደርቶ ሰው ተሰልፎ እያለ ኢንተርኔት እስኪመጣ ማን ይጠብቃል። ለዛ ነጋዴ ዳታው እዛው ኮምፒውተሩ ላይ ሆኖ የሚሰራለት ፕሮግራም እንጀራው ነው፣ የሰራችሁት ነገር ሲበላሽም የሚበላሸው የሱ ቀን ነው። ይሄን ይዛችሁ ነው ኤረር ማየት ያለባችሁ።

ብዙዎቻችሁ ኤረር ሲመጣ የምታደርጉትን አይቻለሁ። ሳታነቡት ትዘጉታላችሁ፣ ከዛ ኮዱን እዚህም እዚያም መነካካት፣ ወይ ደሞ ኮፒ አድርጋችሁ ለኤአይ ትሰጡና የመለሰላችሁን እንዳለ ትለጥፋላችሁ፣ ቀዩ ነገር ከጠፋ ተፈታ ትላላችሁ። አልተፈታም። ኤአይ መጠየቁን አልቃወምም፣ እኔም እጠይቃለሁ፣ ግን ለምን እንደተበላሸ ሳታውቁ የተስተካከለ ነገር ነገ በሌላ በኩል ነው የሚመጣባችሁ። ከሁሉም የሚያናድደኝ ግን ትራይ ካች (ኤረር ሲመጣ የሚይዘው ኮድ) አድርጎ ካቹን ባዶ መተው ነው። ፕሮግራሙ ኤረር አያሳይም፣ ሰራተኛዋ ሴቭ ትላለች፣ ምንም አይልም፣ ሴቭ ሆነ ብላ ትሄዳለች፣ ከሶስት ወር በኋላ ሂሳብ ሲዘጋ ነው ግማሹ እንደሌለ የሚታወቀው። በሽታውን የደበቀ መድሃኒት የለውም ይባል የለ። ለተጠቃሚው በአማርኛ የሚገባውን መልእክት አሳዩት፣ ሙሉውን ኤረር ደሞ ከነቀኑና ከነሰአቱ ሎግ ፋይል ላይ ጻፉት።

ኤክሴፕሽን (ፕሮግራሙ እየሰራ የሚነሳው ኤረር) ሲመጣ የስህተቱን አይነት ይነግራችኋል፣ መልእክት አለው፣ ከስር ደሞ ስታክ ትሬስ የሚባለው በየት በየት አልፎ እዛ እንደደረሰ ያሳያችኋል። ስታክ ትሬሱ ረጅም ስለሆነ ያስፈራል፣ አብሽሩ፣ አብዛኛው የማይክሮሶፍት የራሱ ኮድ ነው። ከላይ ጀምራችሁ ውረዱና የናንተ ፋይል ስም ያለበትን የመጀመሪያውን መስመር ፈልጉ፣ ቁጥሩ አብሮ አለ። እዛ ላይ ቪዥዋል ስቱዲዮ ውስጥ ኤፍ 9 ተጫኑና ብሬክፖይንት (ፕሮግራሙ የሚቆምበት ምልክት) አድርጉ፣ ፕሮግራሙ ሲቆም በኤፍ 10 አንድ በአንድ እየሄዳችሁ እያንዳንዱ ቫሪያብል ውስጥ ምን እንዳለ እዩ። "ነል ሪፈረንስ" የምትለዋ ሁላችሁንም የምታስለቅሰው ኤረር እንኳ በዚህ መንገድ በደቂቃ ትገኛለች፣ ምክንያቱም አለ ብላችሁ የገመታችሁት ነገር የለም ማለት ብቻ ነው። ነልን እ.ኤ.አ. በ1965 ወደ ፕሮግራሚንግ ቋንቋ ያስገባው እንግሊዛዊው ቶኒ ሆር ራሱ በ2009 የቢሊዮን ዶላር ስህተቴ ብሎታል፣ ስለዚ የናንተ ብቻ ችግር አይደለም። ግን "ነል ከሆነ ዝለለው" የምትል ኢፍ ጨምራችሁ ከማለፋችሁ በፊት ለምን ነል ሆነ በሉ፣ ደንበኛው ሳይመረጥ ነው ሽያጭ የተመዘገበው? እሱ ከሆነ መዝለል መፍትሄ አይደለም።

ሰዒድ ስለሚባል ታካሚ ልንገራችሁ። አንድ በጣም ጎበዝ ልጅ ለአንድ ክሊኒክ የካርድ ክፍል ፕሮግራም ሰርቶ ነበር፣ ስም የሚመዘገበው በላቲን ፊደል ነው። ሰዒድ በላቲን ሲጻፍ ብዙ ሰው መሃሉ ላይ ለዐይኗ ዒ ብሎ አፖስትሮፍ (') ያስገባል፣ ልጁ ደሞ ኩዌሪውን (ለዳታቤዙ የሚላከውን ትእዛዝ) የሰራው ቴክስት ቦክሱ ውስጥ ያለውን በመደመር ምልክት እየቀጠለ ነው። ኤስኪውኤል በሚባለው የዳታቤዝ ቋንቋ ውስጥ አፖስትሮፍ ማለት ጽሁፉ እዚህ ላይ አለቀ ማለት ስለሆነ ሰዒድ መሃል ላይ ይቆረጥና የቀረው ስም እንደ ትእዛዝ ይነበባል፣ ሲንታክስ ኤረር። ልጁ ምን አደረገ መሰላችሁ፣ አፖስትሮፍ ከተጻፈ "ያልተፈቀደ ምልክት" የሚል መልእክት አስገባ። ኤረሩ ጠፋ። ካርድ ክፍል ያለችው ልጅም አፖስትሮፉን እያጠፋች ትመዘግባለች፣ ያቺ ከሌለች የምትተካው ደሞ ባዶ ቦታ እያስገባች ትመዘግባለች፣ ሰውዬው በሌላ ቀን ሲመጣ ሲፈለግ የለም፣ ሁለተኛ ካርድ ይወጣለታል፣ ፔኒሲሊን አይስማማውም የሚለው ማስታወሻ የድሮው ካርድ ላይ ቀርቶ።

ልብ በሉ፣ የሰውዬው ስም ምንም ችግር የለበትም። አባቱ ያወጣለት ስም ነው። ወሎ ውስጥ ሰዒድ የሌለበት ቀበሌ አለ እንዴ? ኤረሩ ሲናገር የነበረው ዳታውንና ትእዛዙን አንድ ላይ ቀላቅለሃል ነው። መፍትሄው ፓራሜትር ነው፣ ኩዌሪው ላይ የስሙን ቦታ በፓራሜትር ስም ትተዋላችሁ፣ ዋጋውን ለብቻው ትሰጡታላችሁ፣ ከዛ ሰውየው አስር አፖስትሮፍ ቢኖረው ዳታቤዙ እንደ ጽሁፍ ብቻ ነው የሚያየው። ደሞ ሰዒድ የተቆረጠባት ቀዳዳ ክፉ ሰው ሆን ብሎ ትእዛዝ ጽፎ ቴብላችሁን የሚያጠፋባት ኤስኪውኤል ኢንጀክሽን የሚባለው ቀዳዳ ራሷ ናት፣ ስለዚ ኤረሩን ቢሰማው ኖሮ ልጁ ሁለቱንም አንዴ ይዘጋ ነበር።

ስም ካነሳን በአማርኛ ጽፈን ሴቭ ስናደርግ የጥያቄ ምልክት ብቻ ይሆናል የምትሉኝ፣ ኤስኪውኤል ሰርቨር ላይ ኮለሙ ቫርቻር ሆኖ ነው፣ የኛንም ፊደል የሚይዘውን ኤንቫርቻር አድርጉት፣ ኩዌሪ ውስጥ በቀጥታ የምትጽፉት ጽሁፍ ከሆነም ከፊቱ ኤን (N) መቅደም አለበት፣ ፓራሜትር ከተጠቀማችሁ እሱም ይቀርላችኋል። አንዴ የጥያቄ ምልክት ሆኖ የተቀመጠ ፊደል ግን ተመልሶ አይመጣም፣ እንደገና መመዝገብ ነው፣ ስለዚ መጀመሪያ ቀን ላይ ሞክሩት። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚጋሩት የፊደላት ዝርዝር) ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፣ እና ዛሬ ለዚህ ምክንያት የለንም። ፍለጋው ላይ ደሞ ፀሐይን አንዱ በጸሎቱ ጸ ሌላው በፀሀዩ ፀ ይጽፋታል፣ ሀም ሐም ኀም፣ ሰም ሠም፣ አም ዐም እንደዛው። ሰው የጻፈውን ስሙን አትንኩበት፣ ግን ጎን ለጎን ሌላ ኮለም ላይ ተመሳሳይ ድምጽ ያላቸውን ፊደላት ወደ አንድ ቀይራችሁ አስቀምጡና ፍለጋውን በሱ አድርጉ።

ቀጥሎ "ፕሮግራሜ ይደርቃል" የምትሉት። ፋርማሲ ውስጥ ቁጭ ብላችሁ እዩት፣ ፋርማሲስቷ ሽጥ የምትለውን በተን ትነካለች፣ ምንም አይንቀሳቀስም፣ ፊቷ ስድስት ሰው ቆሟል፣ ደግማ ትነካለች፣ ደግማ፣ ከላይ "ኖት ሪስፖንዲንግ" ይላል፣ ከዛ ሲለቀው አንድ አሞክሳሲሊን ሶስት ጊዜ ተሽጦ ይገኛል። ለምን መሰላችሁ፣ ፎርሙን የሚስለውም ክሊኩን የሚቀበለውም አንድ ስሬድ (የፕሮግራሙ የስራ መስመር) ነው፣ እናንተ በተኑ ውስጥ ከባድ ኩዌሪ ስታስገቡበት እሱን እስኪጨርስ ሌላ ምንም አይሰራም፣ የተነካው ክሊክ ደሞ ወረፋ ይዞ ይጠብቃል። ከባዱን ስራ በኧሲንክና አዌይት (ፎርሙ ሳይደርቅ ስራው እስኪያልቅ የሚያስጠብቁ ቃላት) አድርጉት፣ ሲ ሻርፕ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ አለ፣ ስራው ሲጀመር በተኑን ዲሴብል አድርጉ፣ ከዛም በላይ ለእያንዳንዱ ሽያጭ የማይደገም ቁጥር ሰጥታችሁ ዳታቤዙ ራሱ ድግሙን እምቢ እንዲል አድርጉ። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ለምን ዘገየ በሉ፣ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሪከርድ አንዴ ግሪድ ላይ የምትጭኑት ለማን ነው፣ ማንም አያነበውም፣ የተፈለገውን ብቻ አምጡ፣ የምትፈልጉበት ኮለም ላይ ኢንዴክስ (ፍለጋ የሚያፈጥን ማውጫ) ይኑር።

እዚሁ ላይ ሌላ ዝም ማሰኛ አለ። ስሬድ ስትጀምሩ "ክሮስ ስሬድ ኦፐሬሽን ኖት ቫሊድ" የሚል ይመጣል፣ ከሌላ ስሬድ ሆናችሁ ሌብሉን ወይ ግሪዱን ነካችሁት ማለት ነው፣ ከዛ አንዱ ይነግራችሁና ይሄን የሚቆጣጠረውን ቼክ ፎልስ አድርጋችሁ ታጠፉታላችሁ። ኤረሩ ይጠፋል፣ ፕሮግራሙ ግን አንዳንድ ቀን ያለምክንያት ይዘጋል፣ እናንተ ኮምፒውተር ላይ ደሞ አይደገምም። እሱን ተዉት፣ ስራውን ለፎርሙ ስሬድ የሚሰጠውን ኢንቮክ ተጠቀሙ፣ ወይ አዌይት ራሱ ወደ ፎርሙ ስሬድ ይመልሳችኋል።

ቀን የምታስቸግራችሁ አውቃለሁ፣ እኛ ሀገር ከሁሉም በላይ የምታሰቃየው እሷ ናት። የኛን ቀን እንዳለ ዴትታይም (የፈረንጁን ቀን የሚይዘው አይነት) ውስጥ የሚያስገባ ልጅ መስከረም ላይ ምንም አይሆንም፣ ጥቅምት 30 ላይ ይወድቃል፣ ምክንያቱም ለኮምፒውተሩ ሁለተኛው ወር ፌብሯሪ ነው፣ 30 የለውም። ከዛ ጳጉሜ ሲመጣ 13ኛ ወር የለም ይላል፣ እና ጳጉሜን ነሐሴ 30 ብለው የሚመዘግቡ አሉ፣ የአምስት ቀን ሽያጭ አንድ ቀን ላይ ተቆልሎ፣ 2015 ላይ እንደነበረው ጳጉሜ 6 ከሆነች ደሞ የስድስት ቀን። ዶትኔት (ሲ ሻርፕ የሚሄድበት መሰረት) ውስጥ የአይሁድም የፋርስም የሂጅራም ካሌንደር አለ፣ የኛ የለም። ስለዚ ዳታቤዝ ውስጥ ሁሌም በፈረንጁ አስቀምጡ፣ ስሌቱን ሁሉ በሱ ስሩ፣ ወደ ኢትዮጵያ የምትቀይሩት ስክሪን ላይ ስታሳዩና ከሰው ስትቀበሉ ብቻ ነው። የመቀየሪያውን ፈንክሽን አንድ ቦታ ጻፉትና በጳጉሜ 5፣ በጳጉሜ 6 እና በመስከረም 1 ፈትኑት።

ብር በደብል (ነጥብ ያለውን ቁጥር በግምት በሚይዘው አይነት) አታስቀምጡ፣ በዴሲማል ነው። በደብል 0.1 እና 0.2 ሲደመር 0.30000000000000004 ነው የሚመጣው፣ 15 ፐርሰንቱን ቫት አስልታችሁ ቀኑን ሙሉ ስትደምሩ ሳንቲሙ አልገጥም ይልና ካሸሯ ናት የምትጠየቀው።

"እኔ ጋ ይሰራል፣ እነሱ ጋ አይሰራም" ለሚለው ብዙ አልልም፣ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ከጥቂት ነገሮች አንዱ ነው። የራሳችሁ ኮምፒውተር ፎልደር ኮዱ ውስጥ ተጽፎ ይሆናል። ፕሮግራም ፋይልስ ውስጥ ፋይል ልትጽፉ ሞክራችሁ ዊንዶውስ ከልክሏችሁ ይሆናል፣ አፕ ዳታ ውስጥ ጻፉ። አክሰስ የሚባለውን የማይክሮሶፍት ዳታቤዝ የምትጠቀሙ ከሆነ የ32 እና የ64 ቢት ድራይቨሩ አልገጠመ ይሆናል። ዊንዶውስ 7 ያለው ሱቅ ውስጥ ዶትኔት 8 ወስዳችሁም ይሆናል፣ እሱ ላይ አይሄድም፣ ለዛ ማሽን ዶትኔት ፍሬምዎርክ 4.8 ነው። ከመጻፋችሁ በፊት ሂዱና ማሽኑን እዩ፣ ምን ዊንዶውስ ነው፣ ራሙ ስንት ነው፣ ስክሪኑ ምን ያህል ነው፣ ቀኑ ልክ ነው ወይ። ሳያዩ መጻፍ ነው ብዙውን ችግር የሚያመጣው።

መብራቱን አትርሱ። ሽያጩ ተመዝግቦ ስቶኩ ሳይቀነስ መብራት ከሄደ መደርደሪያውና ኮምፒውተሩ ይለያያሉ፣ ሁለቱንም አንድ ትራንዛክሽን ውስጥ ክተቷቸው፣ ወይ ሁለቱም ይሆናሉ ወይ ሁለቱም አይሆኑም። ትንሽ ሱቅ ከሆነ ኤስኪውላይት የሚባለው ዳታቤዝ መብራት ሲጠፋ እንዳይበላሽ ታስቦ የተሰራ ነው፣ ከአክሰስ እሱን እመርጣለሁ።

ባክአፕ ደሞ እዛው ሀርድ ዲስክ ላይ የተቀመጠ ከሆነ ባክአፕ አይባልም። በ2014ቱ ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ስንት ድርጅት ኮምፒውተሩን ከነዳታው እንዳጣ ሁላችሁም ታውቃላችሁ፣ ማን ስንት እዳ እንዳለበት፣ ማን ምን መድሃኒት እንደሚወስድ የሚናገር መዝገብ አብሮ ሄዷል። ፕሮግራሙ ማታ ማታ ሲዘጋ ራሱ ባክአፕ እንዲያደርግ አድርጉ፣ ባለቤቱ በሳምንት አንድ ቀን ፍላሽ ላይ ወስዶ ቤቱ እንዲያስቀምጥ ንገሩት፣ ኢንተርኔት ሲኖር ሌላ ቦታም ይላክ፣ የህክምና መረጃ ከሆነ በፓስዎርድ ተቆልፎ። ፕሮግራሙን ከማስረከባችሁ በፊትም ያንን ፍላሽ ወስዳችሁ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ባለቤቱ እያየ ሪስቶር አድርጉት፣ ሽያጩ ስቶኩ ስሙ ሁሉ መመለሱን አብራችሁ እዩ፣ ከዛ በኋላ ነው ቁልፉን የምትሰጡት።