ባቡር መግባት ስላቆመበት የጅቡቲ ጣቢያ፦ ለወጣት የታሪክና የምህንድስና ተማሪዎች

ውድ ልጆቼ፣

የሥራ ዘመኔን በድሬዳዋ ምድር ባቡር የፈጸምሁ ጡረተኛ ነኝ። ከጅቡቲ ስትመለሱ የአሮጌውን ጣቢያ ፎቶግራፍ እያሳያችሁኝ «አዲሱ ባቡር ገደለው» ስትሉ እሰማለሁ። ሐዘናችሁ ሐዘኔ ነው። ይሁን እንጂ ከማዘናችሁ በፊት ጣቢያው ለምን እዚያ እንደቆመና ሥራው ለምን እንደተቋረጠ እንድትመረምሩ እለምናችኋለሁ። (ዓመታቱን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጽፌያቸዋለሁ።)

ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1894 ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡሩን ውል ሲሰጡ ሐሳቡ ደጋውን ከመርከብ ጋር ማገናኘት ነበር። ግንባታው በ1897 ከጅቡቲ ተጀመረ። ሐረር እንዲገባ የታሰበው ሐዲድ ተራራውን መውጣት ብዙ ወጪ ስለሚጠይቅ በግርጌው አልፎ በ1902 መጨረሻ ደረሰ፤ የደረሰበትም ሜዳ ድሬዳዋ ሆነ። ሐዲዱን ይሠራ የነበረው ኩባንያ ከስሮ በሌላ ተተክቶ ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። ዛሬ «ለገሃር» የምንለው ስም ጣቢያ ከሚለው የፈረንሳይኛ ቃል የመጣ ነው። በ1936 የጣልያን ጦር ወደ አዲስ አበባ ሲቃረብ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በዚሁ ባቡር ጅቡቲ ወርደው በእንግሊዝ የጦር መርከብ ተሳፍረዋል።

አሁን ወደ መዘጋቱ እንምጣ፤ እዚህ ላይ ታገሡኝ። የመስመሩ ወርድ፣ ማለትም በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለው ስፋት፣ አንድ ሜትር ብቻ ነበር። በ1977 ከሶማሊያ ጋር በተደረገው ጦርነት ድልድዮች ፈርሰው ጉዞው ተቋርጦ እንደገና ቀጠለ፤ መለዋወጫ ግን እየጠፋ፣ ሐዲዱም እያረጀ ሄደ። በ1998 ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሣና ጭነታችን ሁሉ ከአሰብ ወደ ጅቡቲ ሲዞር፣ ባቡሩ ከመቼውም ይልቅ ያስፈልግ በነበረበት ሰዓት፣ ጭነቱን የወሰደው የጭነት መኪና ነው። እኔን ከሁሉም በላይ የሚያሳዝነኝ ይህ ነው። ወርዱ 1.435 ሜትር የሆነው የኤሌክትሪክ ባቡር በ2016 በኢትዮጵያ፣ በጥር 2017 በጅቡቲ ተመርቆ ተሳፋሪውን በጅቡቲ አዲስ ጣቢያ በናጋድ ሲያወርድ፣ አሮጌው መስመር አስቀድሞ ተዳክሞ ነበር። አዲሱ ባቡር ገደለው የሚለውን የማልቀበለው በዚህ ምክንያት ነው።

ስለዚህ ጣቢያ ስትጎበኙ ፎቶግራፍ አንሥታችሁ ብቻ አትመለሱ። ከሐዲዱ ዳር ቁጭ በሉና ጎኑን በእጃችሁ ጥረጉት፤ ብረቱ ላይ ጎልቶ የተቀረጸውን የፋብሪካ ስምና ዓመት አንብባችሁ ጻፉ። ከዚያም የት ዘንድ ያረጀ፣ የት ዘንድ የተለወጠ ሐዲድ እንዳለ አወዳድሩ። ድሬዳዋ ለገሃሬ አካባቢ ያሉ አዛውንቶችንም ጠይቁ፤ ትኬት ቆራጩንም፣ እሳት ጫሪውንም፣ በባቡሩ ስትነግድ የኖረችውን እናትም።

በእኔ ዘንድ ከተጣለ መዝገብ የተረፈ አንድ ገጽ አለ። ባቡር የገባበት ሰዓት በፈረንሳይኛ ተጽፎ ከጎኑ አንድ ሠራተኛ በእርሳስ «ውኃ የለም» ብሎ በአማርኛ ጨምሮበታል። ያን ቀን ምን እንደተደረገ ለማወቅ ሌሎቹን ገጾች እፈልጋለሁ። ከአያቶቻችሁ ሣጥን ውስጥ ይህን የሚመስል ወረቀት ካገኛችሁ ሳትጥሉ ይዛችሁልኝ ኑ፤ አብረን እናነበዋለን።