ሂር ነው ሂሪንግ?

ልጆች፣ ከማፍርበት ነገር ልጀምር። እዚሁ ባሕር ዳር፣ ከጣና ዳር ብዙም በማይርቅ ቢሮ ስሠራ አንዲት ተማሪ ለልምምድ ተመደበችልኝ። ስለ እምቦጭ ሥራችን ለውጭ አጋሮች የሚላክ የእንግሊዝኛ ደብዳቤ አረቀቀች። መዝጊያው ላይ «ዊ ሉክ ፎርዋርድ ቱ ሂሪንግ ፍሮም ዩ» ይላል። እኔ ሆዬ ቀይ እስክሪብቶዬን አነሣሁና «ሂሪንግ»ን ሰርዤ «ሂር» አልኩት። ከ«ቱ» በኋላ ግሡ ሳይነካ ነው የሚገባው ተብዬ ነዋ የተማርኩት!

በማግስቱ የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት ታቅፋ መጣች። «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና እዚህ ጋ ቢያዩልኝ» አለችኝ። ጣቷ «ሉክ» ከሚለው ቃል ሥር ነበር። አየሁ። ዝም አልኩ። እስከዚያ ቀን ስንቱን ደብዳቤ በ«ሂር» ዘግቼ እንደፈረምኩ ቤት ይቁጠረው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እንግሊዝኛ ሁለት «ቱ» አለው። አንዱ ግሥ ያስከትላል፤ ሌላው እንደኛ «ወደ» ስም ይፈልጋል። ለመለየት ከ«ቱ» ቀጥሎ «ዘ ሚቲንግ» ብላችሁ ሞክሩ። «ሉክ ፎርዋርድ ቱ ዘ ሚቲንግ» ያስኬዳል። ስለዚህ ግሥ ሲመጣ «ኢንግ» ይጨመርበታል። «ሆፕ ቱ ዘ ሚቲንግ» ግን አያስኬድም፤ እዚያ ላይ «ሆፕ ቱ ሂር» ነው ትክክሉ።

ጆሯችሁን ብቻ አትመኑ። የኛ ጆሮ የተገራው በአማርኛ ነው። «ስለ ጉዳዩ ተወያየን» ስለምንል «ዲስከስድ አባውት ዚ ኢሹ» ብለን እንጽፋለን። «ዲስከስ» ግን «አባውት» አይወድም። ስም የሆነው «ዲስከሽን» ነው የሚወደው። እንግዲህ ምን ይደረግ!

ሐረጉን በትምህርተ ጥቅስ ከትቶ ጉግል ላይ መፈለግ ጥሩ ነው። የውጤቱ ብዛት ግን እንዳያታልላችሁ፤ ስሕተቱንም የጻፈው ሰው ብዙ ነው። ማን ጻፈው የሚለውን እዩ። እኔ የብሪታንያ ብሔራዊ ኮርፐስን እወዳለሁ። ከመጽሐፍ፣ ከጋዜጣና ከንግግር የተለቀመ የ100 ሚሊዮን ቃል ክምችት ነው። ሐረጉን ስታስገቡ ከነዐረፍተ ነገሩ ያወጣላችኋል። ከወሬ ይሁን ከመደበኛ ጽሑፍ የተቀዳ ያኔ ይለያል።

«ካይንድሊ ዱ ዘ ኒድፉል»ስ («እባክዎ አስፈላጊውን ያድርጉልን» እንደማለት)? ብዙዎቻችሁ ትወዱታላችሁ። ሰዋስዉ ምንም አልጎደለውም። ሕንድ ውስጥ ቢሮዎች ዛሬም ይጽፉታል፤ እንግሊዞች ጋ ግን ያረጀ ነው። (የኛው «አስፈላጊው ትብብር ይደረግለት ዘንድ» ወንድም ይመስለኛል።) ደብዳቤው ዴልሂ የሚሄድ ከሆነ እኔ አልሰርዘውም። ለንደን ከሆነ ግን የምትፈልጉትን በስሙ ጥሩት፦ የትኛው ሰነድ፣ እስከ መቼ፣ በማን በኩል።